«ገና ነው» ስለው ማሽኑ ምን ገባው?

ባለፈው ክረምት ደብረ ማርቆስ እናቴ ቤት ነበርኩ። ዝናቡ ከቤት አያስወጣም፤ እኔም ስልኬ ላይ ያለውን አማርኛ የሚመልስ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መፈተን ያዝኩ። ይገባዋል ወይስ ዝም ብሎ ነው የሚያወራው?

መጀመሪያ የተሳሳትኩት እኔው ነኝ። ሰው ሁሉ የሚያውቃትን ሰምና ወርቅ ሰጠሁት። ሰሙንም ወርቁንም ለይቶ አስቀመጠልኝ። ደስ ብሎኝ ለአጎቴ አሳየሁት። አጎቴ በልጅነቱ ዋሸራ ቅኔ ተምሯል። «ይቺንማ ማን የማያውቃት አለ?» ብሎ ስልኩን መለሰልኝ። እውነቱን ነው። ቅኔ ቤት የትናንቱ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፣ የሰው ቅኔ ይዞ መቅረብም ነውር ነው፤ የኔታ ትምህርቱ መግባቱን የሚያውቁት ተማሪው የራሱን አዲስ ቅኔ ሲነግራቸው ነው።

ስለዚህ ቡና እየጠጣን የራሳችንን አወጣን።

«በጉ ታረደ?» «ገና ነው።»
«በጉ ለምን ታረደ?» «ገና ነው።»

መልሱ ሲጻፍ አንድ ነው፤ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይማ። ማሽኑ ግን አንዷን በዓል፣ አንዷን «አልታረደም» ብሎ ለየ። በ«ለምን» ብቻ! ገረመኝ።

የቱ ነው የሚጠብቀው ስለው ግን ገልብጦ ነገረኝ፤ ያውም በሙሉ ልብ። አጎቴ «ጆሮ የለው፣ ምን ያድርግ!» ብሎ ሳቀ። እኔም ያዝኩህ አልኩ። ነገሩን ያበላሸችብኝ እናቴ ናት። ያንኑ ስጠይቃት «ማንን ነው የሚጠብቀው፣ በጉን?» አለችኝ። እሷ ዕድሜዋን ሙሉ «ገና»ን ተሳስታ ጠርታ አታውቅም። ማስረዳት አለመቻል አለመረዳት ከሆነ እናቴም አማርኛ አታውቅም ማለት ነው።

ማታ ለአጎቴ ፈላስፋው ጆን ሰርል በ1980 ያቀረበውን ምሳሌ ነገርኩት። ቻይንኛ የማያውቅ ሰው ክፍል ተዘግቶበት፣ የመመሪያ ደብተር ብቻ እያየ ለቻይንኛ ጥያቄ በቻይንኛ ይመልሳል፤ ውጭ ያለው የሚያውቅ ይመስለዋል፣ ለሰውዬው ግን አንዲት ቃል አልገባችውም። አጎቴ ትንሽ አሰበና «ሰውዬው አዲስ ቅኔ ቢዘርፍስ?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

አሁን ስፈትነው አዲስ ነገር እሰጠዋለሁ፣ አንድ ቃል ቀይሬ እደግመዋለሁ፤ ማብራሪያውን ብዙም አላምነውም። አጎቴ ደግሞ ራሴ እፈትነዋለሁ ብሎ ጉባኤ ቃና የሚባለውን አጭር ቅኔ እየቆጠረ ነው፣ ሁለት ቤት ብቻ። ደርሷል ወይ ብዬ በደወልኩ ቁጥር መልሱ «ገና ነው» ነው። የሚላላው።