«ኢዝ» ወይስ «አር»፦ ከ«ኦፍ» በኋላ ያለውን ስም መቼ እንከተል?

እንግሊዝኛ ስጽፍ እጄን ይዞ ያቆመኝ የነበረው ከባድ ቃል ሳይሆን «ኢዝ» እና «አር» ነበሩ፤ በተለይ በዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ውስጥ «ኦፍ» ሲገባ። «ከኦፍ በኋላ ያለውን ተወው፣ ግሱ ከ«ኦፍ» በፊት ያለውን ቃል ይከተላል» የሚለው የተለመደ ምክር ግማሽ መንገድ አድርሶ ይተዋል። ለ«ዋን ኦፍ ዘ ቡክስ ኢዝ ኒው» ይሠራል። ለ«ሞስት ኦፍ ዘ ቡክስ» ግን አይሠራም፤ እዚያ ትክክሉ «አር» ነው።

መፍትሔ የሆነኝ ቃላቱን ለሁለት መክፈል ነው። «ዋን» እና «ኢች» የራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ ከ«ኦፍ» በኋላ የብዙ ቁጥር ስም ቢመጣም ነጠላ ናቸው። «ኦል»፣ «ሞስት»፣ «ሰም» እና «ሃፍ» ግን እንደ ባዶ ጣሳ ናቸው፤ ቁጥራቸው የሚታወቀው በተሞላባቸው ነገር ነው። ውሃ ከሆነ «ሞስት ኦፍ ዘ ዋተር ኢዝ»፣ መጻሕፍት ከሆኑ «ሞስት ኦፍ ዘ ቡክስ አር»። ክፍልፋይና ፐርሰንትም እዚሁ ይገባሉ። «ነን» (አንዱም) ከብዙ ቁጥር ስም ጋር ሁለቱንም ይቀበላል፤ እኔ በመደበኛ ጽሑፍ ነጠላውን እመርጣለሁ።

ብዙ የደከምኩበት «ነምበር» ነው። «ዘ ነምበር ኦፍ ስቱደንትስ ኢዝ ራይዚንግ» ሲባል የሚጨምረው ቁጥሩ ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ አንድ ነው። «ኤ ነምበር ኦፍ ስቱደንትስ አር ዌይቲንግ» ሲባል ግን የሚጠብቁት ተማሪዎቹ ናቸው፤ ቁጥር ቆሞ ማንንም አይጠብቅም። ከዚያ ወዲህ ከግሱ ተነሥቼ ወደ ኋላ እጠይቃለሁ፦ የሚጨምረው ምንድን ነው? የሚጠብቀው ማን ነው? መልሱ ያለበት ስም ግሱን ይገዛል።

አማርኛችን በዚህ ረገድ ለቀቅ ያለ ነው። «ብዙ ሰው መጣ»ም «ብዙ ሰዎች መጡ»ም ያስኬዳል። የእንግሊዝኛው «ሜኒ ፒፕል» ግን ምንጊዜም «አር» ይፈልጋል።

የጥቅል ስሞች፣ ማለትም እንደ «ቲም» ብዙዎችን በአንድነት የሚጠሩ ስሞች፣ ሌላ ጠባይ አላቸው። አሜሪካኖች አብዛኛውን ጊዜ «ዘ ቲም ኢዝ» ይላሉ፤ እንግሊዞች አባላቱን ሲያስቡ «ዘ ቲም አር» ማለትም ይችላሉ። «ፖሊስ» በሁለቱም ዘንድ ብዙ ቁጥር ነው። ስለዚህ ከመጻፌ በፊት አንዱን መንገድ እመርጥና እስከ መጨረሻው እይዘዋለሁ። ስጨርስ ለተውላጠ ስሞቹ ብቻ ብዬ እንደገና አነባለሁ፤ «ዘ ቲም ኢዝ» ብሎ የጀመረ አንቀጽ ሦስት መስመር ሳይሄድ «ዘይ» ውስጥ የሚገባው ሳይታወቅ ነውና።