ዘይት ውሃን አይተካም

ከርዳዳ ጸጉር ሲደርቅ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያነሳው የዘይት ጠርሙሱን ነው። የጸጉር እርጥበት ግን የሚመጣው ከውሃ ነው፤ ዘይት እርጥበቱ ቶሎ እንዳይተን ይይዘዋል እንጂ አይፈጥረውም። በደረቁ ላይ ደጋግመው የቀቡት ጸጉር ያብለጨልጫል፣ ሲጨብጡት ግን እንደ ገለባ ይንኮሻኮሻል።

ስለዚህ ታጥባችሁ ውሃው መንጠባጠቡን ሲያቆም፣ ጸጉሩ ገና እርጥብ ሳለ፣ መጀመሪያ የማይታጠብ (ተቀብቶ ጸጉሩ ላይ የሚቀር) ኮንዲሽነር፣ ከዚያ በላዩ ዘይት። ትከሻ ለሚደርስ ጸጉር አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። አራት ቦታ ከፍላችሁ፣ ዘይቱን በመዳፋችሁ አሽታችሁ ከጫፍ ጀምሩ። ጫፉ የጸጉሩ አሮጌ ክፍል ነው፤ ከራስ ቆዳ የሚወጣው ወዝም ጥቅልሉን ሁሉ ዞሮ እዚያ ለመድረስ ይቸገራል።

የጉሎ ዘይት ለብቻው በጣም ወፍራም ነው፤ ያጣብቃል፣ አቧራ ይሰበስባል። አንድ እጁን ከሦስት እጅ የወይራ ወይም የጆጆባ ዘይት ጋር ቀላቅሉት። የኮኮናት ዘይት ሥራው ሌላ ነው። ወደ ጸጉሩ ውስጥ ስለሚዘልቅ፣ ከመታጠብ በፊት ሲቀባ ጸጉር በእጥበት የሚያጣውን ፕሮቲን ይቀንሳል። ከ24 ዲግሪ ገደማ በታች ይረጋል፤ በአዲስ አበባ ጠዋት ጠርሙሱን ሙቅ ውሃ ውስጥ አቆዩት።

ፎሮፎር ካለ ግን የራስ ቆዳ ላይ ዘይትም ቅቤም ባይነካ ይሻላል። ነጩ ቅርፊት ድርቀት ይመስላል፣ እናም ቅባት ይጨመርበታል፤ ፎሮፎሩን የሚያባብሰው ፈንገስ ደግሞ የሚመገበው ያንኑ ቅባት ነው። ፎሮፎር ላለበት ሰው፣ ሹሩባ ከተሠራ በኋላ መስመሩ ላይ ዘይት ማፍሰስ ማሳከኩን ሊያብሰው የሚችለው ለዚህ ነው።