ኮምቦልቻ ወይስ ባሕር ዳር፦ ዩኒቨርሲቲ የመረጥኩበት መንገድ

ዩኒቨርሲቲ ስመርጥ መጨረሻ ላይ የቀሩኝ ሁለት ነበሩ። አንዱ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ማለትም ኮምቦልቻ ያለው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ፤ ሌላው ተማሪው ፖሊ የሚለው የባሕር ዳር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት። የምፈልገው ሜካኒካል ምህንድስና ነበር፤ ትምህርቱ ሁለቱም ጋ ይሰጣል። የመረጥኩት ኮምቦልቻን ነው። ከደሴና ከኮምቦልቻ በየዓመቱ ብዙ ልጅ በዚሁ ጥያቄ ስለሚጨነቅ፣ እንዴት እንዳመዛዘንኩና ገብቼ ስማር የትኛው ጥያቄ በእርግጥ እንደሚጠቅም እንደተረዳሁ ልጻፍ።

ከሁሉ በፊት የምደባውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ትምህርት ሚኒስቴር የሚመድበው ዩኒቨርሲቲ ነው እንጂ ዲፓርትመንት አይደለም። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ አንደኛ ዓመት ገብቶ የጋራ ኮርሶችን ይወስዳል። ከዚያ ወደ ምህንድስና፣ ወደ ጤና ወይም ወደ ሌላ ዘርፍ ይለያል። ምህንድስና ከገባ በኋላም ሲቪል፣ ሜካኒካል፣ ሶፍትዌር እየተባለ እንደገና ይደለደላል። ሁለት ወንፊት አለ ማለት ነው። ሁለቱም ላይ የሚያመዝነው ጂፒኤ (የኮርሶቹ አማካይ ውጤት) እና የዲፓርትመንቱ ኮታ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ውጤትም የሚታይበት ቦታ አለ፤ ለየትኛው ስንት በመቶ እንደሚያዝ ግን እንደ ጊቢውና እንደ ዓመቱ ይለያያል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ መረጥን ስንል በተግባር የምንመርጠው የመጀመሪያውን ሴሚስተር የምናሳልፍበትን ቦታና የምንወዳደራቸውን ልጆች ነው። ስም ያለው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ያልፈለጉት ዲፓርትመንት ከመመደብ፣ ስሙ አነስ ያለ ጋ ገብቶ የፈለጉትን መማር ይሻላል ባይ ነኝ።

ስሌቱን ቀረብ ብላችሁ እዩት። የመጀመሪያው ሴሚስተር ኮርሶች በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በአመዛኙ አንድ ናቸው፦ ሂሳብ፣ ጄኔራል ፊዚክስ፣ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊና እንግሊዝኛ። እያንዳንዳቸው 3 ክሬዲት ናቸው፤ ስፖርቱ አለፈ ወይም ወደቀ ብቻ ነው። ድምሩ 18 ክሬዲት ይመጣል። ኤ 4፣ ቢ 3 ሆኖ በክሬዲቱ ስለሚባዛ፣ አንድ ኮርስ ላይ ቢ የነበረውን ኤ ማድረግ 3 ነጥብ ይጨምራል፤ ለ18 ሲካፈል ጂፒኤን ወደ 0.17 ከፍ ያደርጋል። ሁለት ኮርስ ላይ ከሆነ 0.33 ይሆናል። ተፈላጊ ዲፓርትመንት የሚገኘውም የሚቀረውም በዚህች ታህል ልዩነት ነው። ምህንድስና ፈላጊው ሂሳብና ፊዚክስ ላይ ሲቸክል ከርሞ ጂኦግራፊና ሳይኮሎጂን ለፈተና ዋዜማ ያስቀምጣል፤ ክሬዲታቸው ግን እኩል ነው። አንድ ጊቢ ለእኔ ይሆናል ወይስ አይሆንም የሚለውን የመዘንኩት በዚህ ነው፦ እዚያ ሆኜ ስድስቱንም ኮርስ ሳላቋርጥ ማንበብ እችላለሁ?

መረጃ የት ይገኛል? የዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ የትምህርት ክፍሎቹን ስም ይነግራችኋል፤ ከዚያ በላይ ብዙ አይጠቅምም። ለየጊቢው ሦስት ዓይነት ሰው ፈልጉ፦ አንደኛ ዓመትን ገና የጨረሰ፣ የምትፈልጉት ዲፓርትመንት ውስጥ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ዓመት የሆነ፣ እና ከዚያው ተመርቆ የወጣ። ከገባ ሁለት ሳምንት የሆነው ፍሬሽ (አዲስ ገቢ) መንገር የሚችለው የካፌውን ሽሮ ብቻ ነው። ከራሳችሁ ትምህርት ቤት ቀድመው የሄዱ ልጆች ከማንም ይሻላሉ፤ ውጤታችሁንም መምህሮቻችሁንም ስለሚያውቁ «እንዳንተ ያለ ልጅ እዚህ ምን ያገኛል» ለሚለው እውነተኛ መልስ አላቸው። በሚድና በፋይናል ሰሞን አትደውሉላቸው፤ አጭር መልስ ሰጥተው ይዘጉታል።

አንደኛ ዓመትን ለጨረሰው የሚቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፦ ባለፈው ዓመት እኔ የምፈልገው ዲፓርትመንት ስንት ተማሪ ተቀበለ፣ የመጨረሻው የገባውስ በስንት ነው? የተፈጥሮ ሳይንስ ፍሬሾችስ የሚያርፉት የትኛው ጊቢ ነው? የኋለኛው ለወሎ ዩኒቨርሲቲ ወሳኝ ነው፤ ፎርሙ ላይ የምትሞሉት የዩኒቨርሲቲውን ስም ነው፣ ጊቢዎቹ ግን ደሴና ኮምቦልቻ ተብለው ለየብቻ ናቸው። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። የደሴ ብርድ የለመደ ሰው ኮምቦልቻ ሙቀቱ እንቅልፍ ይነሳዋል፤ ከኮምቦልቻ ደሴ የሚወጣው ደግሞ ወፍራም ብርድ ልብስ ይያዝ።

ለአራተኛ ዓመቱ ተማሪ ስለ ወርክሾፕ ጠይቁት። እዚህ ላይ የጥያቄው አቀራረብ ሁሉን ይወስናል። «ላብ አላችሁ?» ካላችሁት መልሱ የትም ቢሆን «አለን» ነው። እኔ የጠየቅኩት እንዲህ ነበር፦ ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ላይ በእጅህ ምን ሠርተህ አወጣህ? በአንድ ማሽን ስንት ሆናችሁ ትቆማላችሁ? ቁልፉ ማን ጋ ነው፣ ቴክኒሻኑ ከሰዓት ይገኛል? ብየዳ ላይ ኤሌክትሮዱ ሲያልቅ ምን ታደርጋላችሁ? አንድ ማሽን ለአምስት ተማሪ ከሆነ ሁሉም ተራው ይደርሰዋል፤ ለሃያ ከሆነ ሁለቱ ይሠራሉ፣ የቀሩት ሪፖርቱን ይገለብጣሉ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ደሴም ኮምቦልቻም ከባድ ዝርፊያና ውድመት ደርሶበታል። ስለዚህ የድሮ የዕቃ ዝርዝር ይዛችሁ ከመፍረድ ዛሬ የሚሠራው የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። ፖሊ በዚህ በኩል ዕድሜ አለው። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር ፖሊቴክኒክ ሆኖ የተከፈተ በመሆኑ ተመራቂዎቹ በየመሥሪያ ቤቱ አሉ፤ ሥራ ሲፈለግ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ኮምቦልቻ በበኩሏ ፋብሪካ አላት። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ብረታ ብረቱ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ሁሉም ከተማው ውስጥ ወይም ጥግ ላይ ናቸው። ብዙውን ጊዜ አራተኛ ዓመት ላይ ኢንተርንሺፕ ሲመጣ ቤት ሳይከራዩ፣ ከጊቢ ሳይርቁ መውጣት ይቻላል። ከፋብሪካው የጥገና ክፍል ጋር የተዋወቀ ልጅ የመመረቂያ ፕሮጀክቱንም ከዚያው ያገኛል። የእኔን ሚዛን ያዘነበለው ይህ ነው። ሶፍትዌር ብፈልግ ኖሮ ግን የፋብሪካው ቅርበት ብዙም ባላስጨነቀኝ፤ የኢንተርኔቱን ፍጥነትና የኮምፒውተር ክፍሉ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት ነበር የማጣራው።

ተመርቆ ለወጣው የመውጫ ፈተናውን አንሱለት። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ከመመረቁ በፊት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት አለበት። የዩኒቨርሲቲው አጠቃላይ ውጤት ያሳስታል፤ የምትፈልጉት ዲፓርትመንት ከስንት ስንት እንዳሳለፈ፣ ቲቶሪያል ይሰጥ እንደነበርና ሞዴል ፈተና እንዳዘጋጀ ጠይቁ።

ማኅበራዊ ኑሮውን ብዙ ሰው «ባሕር ዳር ይደምቃል፣ ኮምቦልቻ ይቀዘቅዛል» ብሎ ያልፈዋል። ጉዳዩ ከዚያ ይሰፋል። ባሕር ዳር ትልቅ ነው። ፔዳ፣ ፖሊና ሌሎቹ ጊቢዎች ከየአገሩ የመጣ ብዙ ተማሪ ይይዛሉ፤ ከተማውም ሐይቁም በር ላይ ነው። ሰው መተዋወቅ ለሚወድ፣ ክበብ ውስጥ መሥራት ለሚፈልግ ይሰፋዋል። ቁጥር ሲበዛ ግን ብቻውን የሚቀር ዝምተኛ ልጅ አይታወቅም፤ ሴክሽኑ ትልቅ ስለሆነ መምህሩም ስሙን ላያውቀው ይችላል። አነስ ያለ ጊቢ ውስጥ ሲኒየሩ ያውቃችኋል፣ ሃንድአውት ይሰጣችኋል፣ ሁለት ቀን ክላስ ብትቀሩ የሚጠይቅ አይጠፋም። የወሎ ልጅ «አብሽር» ብሎ ዶርሙ ያስገባችኋል። የዚያኑ ያህል ደግሞ ወሬ አይደበቅም፤ ከአንድ የዶርም ልጅ ጋር ከተጣላችሁ በየቀኑ ትገናኛላችሁ።

በስልክ የምታጣሩት ሌላው ነገር የዕለት ኑሮ ነው። አንድ ዶርም ስንት ሰው ይይዛል፣ ውሃ በስንት ቀን ይመጣል፣ ቤተ መጻሕፍቱ ሌሊት ይከፈታል ወይ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የሚደርሰው የት የት ነው? በጾም ወራት የጾም ምግብ፣ በረመዳን የኢፍጣርና የሱሁር ምግብ እንዴት ይሰጣል? ካፌ ያልተስማማው ነን ካፌ ልሁን፣ ማለትም በጊቢው ካፌ ከምበላ ብሩን ልቀበል ካለ በየወሩ የሚሰጠው ብር በጊቢው በር ላይ ስንት ቀን ያበላል? እንደ ጊቢ ጉባኤ፣ ጀማዓ ወይም ፌሎሺፕ ባሉ የተማሪዎች የሃይማኖት ማኅበራት የምትሳተፉ ከሆነ ፕሮግራማቸው ከክላስና ከንባብ ጋር እንዳይጋጭ ሲኒየሮቹን ጠይቁ፤ ብዙ ፍሬሽ ቤተሰብ የሚሆነውን ሰው የሚያገኘው እዚያ ነው።

ለደሴ ልጅ ትልቁ ፈተና ግን የቤት መቅረብ ነው። ኮምቦልቻ የሚማር የደሴ ልጅ ዓርብ ከሰዓት ሚኒባስ ተሳፍሮ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሀረጎን ዳገት ይወጣል፤ ልብሱ ታጥቦ፣ ስንቁ ተቋጥሮ እሁድ ማታ ይመለሳል። ግሩፕ ጥናትና አሳይንመንት የሚሠራው ቅዳሜና እሁድ ነው። በየሳምንቱ የሚሄድ ልጅ ግሩፑ ስሙን ይጽፍለታል እንጂ ሥራው አልገባውም፤ ሚድ ላይ ይታያል። እኔ ያወጣሁት ደንብ በወር አንዴ፣ ያውም ቅዳሜ ጠዋት ካነበብኩ በኋላ፣ የሚል ነው። እሁድ ደግሞ ከ10 ሰዓት በፊት መመለስ፤ ሀረጎ ላይ ጉም ሲወርድ ጠመዝማዛው መንገድ ያሰጋል። ቤተሰብም ደንቡን ከወዲሁ ይወቅ፤ አለዚያ ለየሰርጉና ለየለቅሶው ይጠራሉ። ባሕር ዳር የሄደ ልጅ በዚህ በኩል ዕረፍት አለው፤ የሚመጣው በሴሚስተር ዕረፍትና በክረምት ነው። በወልድያ፣ በጋሸናና በደብረ ታቦር የሚዞረው መንገድ ግን ሲዘጋ ወላጅ እንቅልፍ ያጣል፤ ባለፉት ዓመታት በክልሉ የጥሪ ቀን የተገፋበትም ጊዜ አለ።

ከአባትና ከእናት ጋር ስትነጋገሩ ሁለት ዝርዝር ይዛችሁ ቅረቡ፦ የዓመቱን የትራንስፖርት፣ የኪስና የፎቶ ኮፒ ወጪ፣ እና ዲፓርትመንት የማግኘት ዕድላችሁን። «ቅርብ ሁንልኝ» የምትል እናት በክርክር አትረታም፤ ማን እንደሚቀበላችሁና የትኛው የሰፈር ልጅ እዚያ እንዳለ ስትሰማ ግን ትረጋጋለች።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንዲሁም የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች የየራሳቸው የመግቢያ ፈተናና ምዝገባ አላቸው። ከፈለጋችኋቸው ማስታወቂያቸውን በጊዜ ተከታተሉ፤ ጊዜው አንዴ ካለፈ አይመለስም።

ፎርሙን ስትሞሉ ዝውውር ይገኛል ብላችሁ አትመኑ፤ ያለ ከባድ የጤና ወይም መሰል ምክንያት አይሰጥም። እንዲህ ያለ ምክንያት ያለው ማስረጃውን ከምደባው በፊት ያቅርብ። ከሦስተኛው ጀምሮ ያሉትን ምርጫዎች እንደ ሁለቱ መጀመሪያዎች አስባችሁ ሙሉ፤ ብዙ ልጅ የሚደርሰው እነሱ ላይ ነው። ኢንተርኔት ቤት የምትሞሉ ከሆነ የይለፍ ቃሉን ራሳችሁ ጻፉ፣ ሌላ ሰው «እኔ እጨርሰዋለሁ» ቢል አትተዉለት። ቅደም ተከተሉን ካስገባችሁ በኋላ ወጥታችሁ እንደገና ግቡና መቀመጡን አረጋግጡ፤ ስክሪን ሹት አንስታችሁ ለራሳችሁ በቴሌግራም ላኩ። ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ማስተካከል ከተፈቀደ ደግሞ በመጨረሻው ቀን ኔትወርኩ ስለሚጨናነቅ ከሁለት ቀን በፊት ጨርሱ።