«ሼር ያደርጉታል?» ብሎ መጠየቅ

ሐሰተኛ ወሬን ለመግታት ሐሳብ የሚያጣ የለም። ማስጠንቀቂያ ይለጠፍበት የሚል አለ፣ አጭር ቪዲዮ ይሠራ የሚል አለ፣ ወጣቱ ይሠልጥን የሚልም አለ። የትኛው እንደሚሠራ ግን በስብሰባ ተከራክሮ አይታወቅም። ሰዎችን በዕጣ ለይቶ፣ ለአንዱ ቡድን መፍትሔውን ሰጥቶ፣ ሌላውን (የንጽጽሩን ቡድን) እንዳለ ትቶ፣ ለሁለቱም ተመሳሳይ ፖስቶችን አሳይቶ ምን እንደሚያደርጉ መቁጠር ነው። ሥራው በስልክ ስለሚያልቅ ርካሽ ነው፤ ርካሽ በመሆኑም በግዴለሽነት የሚሠራው ብዙ ነው።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ጥሩ ምሳሌ በኮቪድ ዘመን በጎረቤት ኬንያና በናይጄሪያ የተደረገው ነው። በፌስቡክ ሜሴንጀር ከኬንያ 7,498፣ ከናይጄሪያ 7,794 ሰዎች ተሳተፉ። መጀመሪያ 40 የመፍትሔ ጥምሮች ተሞከሩ። ዕጣውም እኩል አልነበረም፦ ቀድመው በተሳተፉ ተመሳሳይ ሰዎች ላይ የተሻለ የሠራው መፍትሔ፣ ለሚቀጥለው ሰው የመድረስ ዕድሉ እየጨመረ ይሄዳል። በሁለተኛው ዙር ደህና የሠሩት ብቻ ተለይተው እንደገና ተፈተኑ። ውጤቱ? የማስጠንቀቂያ ምልክትና «ተያያዥ ጽሑፎች» የሚባለው ጥቆማ ለውጥ አላመጡም። ሰውየው ስለመረጃው እውነትነት ቆም ብሎ እንዲያስብ ማድረግ ግን ሐሰተኛ ፖስት የማጋራት ፍላጎትን በ2.3 የመቶኛ ነጥብ፣ ከንጽጽሩ ቡድን አንጻር ሲሰላ በ4.9 በመቶ ቀነሰ።

2.3 ነጥብ ትንሽ ናት። ትንሽ መሆኗ ነው ብዙውን ሙከራ ከንቱ የሚያደርገው። ከመቶ ሰው ሃምሳው የሚያጋራው ፖስት ቢኖርና እያንዳንዱ ሰው አንድ መልስ ብቻ ቢሰጥ፣ ይህን ልዩነት በተለመደው መስፈርት (ልዩነት ሳይኖር አለ የማለት ዕድል 5 በመቶ፣ ያለውን ልዩነት የማግኘት ዕድል 80 በመቶ) ለመያዝ በየቡድኑ ወደ 7,500 ሰው ያስፈልጋል። ለ5 ነጥብ ወደ 1,600፣ ለ10 ነጥብ ወደ 400 ይበቃል። አንድ ሰው ብዙ ፖስት ሲያይ ቁጥሩ ይቀንሳል፤ ነገር ግን የአንድ ሰው መልሶች ስለሚመሳሰሉ አሥር ፖስት ያየ ሰው እንደ አሥር ሰው አይቆጠርም። ስለዚህ 200 ሰው ጠይቆ «ለውጥ የለም» ማለት አያስኬድም። በ200 ሰው ትልቅ ለውጥ አየሁ የሚለው ደግሞ የባሰ ያጠራጥራል።

ከናሙናው ይልቅ ሰው የሚስተው ግን መለኪያው ላይ ነው። ሐሰተኛ ፖስቶችን ብቻ አቅርቦ «ማጋራት ቀነሰ» ማለት ምንም አይነግርም። ያለ መፍትሔው ሰዎች ከ100 ሐሰተኛ ፖስት 30፣ ከ100 እውነተኛ 50 ያጋራሉ እንበል። አንዱ መፍትሔ ሐሰተኛውን ወደ 20፣ እውነተኛውንም ወደ 40 አወረደ። ሌላው ሐሰተኛውን ወደ 25 ብቻ አውርዶ እውነተኛውን 50 ላይ ተወው። የመጀመሪያው በጋዜጣ ላይ ያምራል፤ የሚለይ ዓይን የሰጠው ግን ሁለተኛው ነው፣ በእውነተኛውና በሐሰተኛው መካከል ያለው ርቀት ከ20 ወደ 25 ሰፍቷልና። ተጫዋቹ ራሱ የሐሰት ዜና አሠራጭ ሆኖ ዘዴዎቹን የሚማርባቸው ጨዋታዎች ብዙ ተወድሰው ነበር። በ2023 የወጣ ዳግም ትንተና ግን ሰዎቹ ይበልጥ የለዩ ሳይሆን ሁሉንም ይበልጥ የጠረጠሩ ሆነው እንዳገኛቸው ገለጸ። ሁሉን የሚጠራጠር ሕዝብ ማፍራት ደግሞ ለሐሰት ነጋዴው ሠርግና ምላሽ ነው።

ፖስቶቹን ስንመርጥ 15 ሐሰተኛና 15 እውነተኛ ጥሩ መነሻ ነው። ሐሰተኞቹ መረጃ አጣሪዎች ውድቅ ካደረጓቸው ይወሰዱ፤ በርዝመት፣ በፎቶና በወገንተኝነት ከእውነተኞቹ ጋር ይመጣጠኑ። ቅደም ተከተላቸው ለእያንዳንዱ ሰው በዕጣ ይቀያየር።

አማርኛ ላይ ስንደርስ የጥያቄው ቃል ራሱ ይፈትናል። «ሼር ታደርጋለህ?» ካልን ግማሹን ተሳታፊ ዘለልን። «ሼር ያደርጉታል?» ጨዋ ነው፣ ግን ብቻውን ሲነበብ «እነሱ ያደርጉታል ወይ?» ተብሎም ይሰማል፤ ሰው ደግሞ ስለ ሌላው ሲጠየቅና ስለ ራሱ ሲጠየቅ አንድ ዓይነት አይመልስም። «እርስዎ ራስዎ ይህን ፖስት ለሚያውቋቸው ሰዎች ይልኩታል?» ይሻላል። «ይህ ዜና ትክክል ነው?» የሚለውም «ተገቢ ነው?» ተብሎ ሊወሰድ ይችላል። «ይህ ነገር በእርግጥ የተፈጸመ ይመስልዎታል?» ቢባል ብዥታው ይቀንሳል። ዓመት ካለበትም አቆጣጠሩ ይጻፍ፤ 2015 የሚለው ቁጥር ለአንዱ የቅርብ ወሬ፣ ለሌላው ያረጀ ነው።

ሁለቱን ጥያቄዎች ለአንድ ሰው አከታትሎ ማቅረብ ሌላው ወጥመድ ነው። እውነትነቱን መጠየቅ ራሱ እኮ ያ «ቆም ብሎ ማሰብ» የተባለው መፍትሔ ነው! የንጽጽሩ ቡድን በየፖስቱ እውነትነትን ከተጠየቀ መድኃኒቱን ሳናውቀው ለሁሉም አደልን፤ ከዚያ ልዩነት ቢጠፋ አይገርምም። ግማሹ ስለ ማጋራት፣ ግማሹ ስለ እውነትነት ብቻ ይጠየቅ።

መሐል ላይ የሚወጡት ደግሞ አሉ። የ90 ሰከንድ ቪዲዮ ከሚያዩት 1,000 ሰዎች 300ው ዘግተው ቢወጡና ከሌላው ቡድን 100 ብቻ ቢወጡ፣ የቀሩት 700 ታጋሾቹ ናቸው። ቪዲዮው ሳይሆን ማጣሪያው ነው የሠራው። ለንጽጽሩ ቡድን በሌላ ርዕስ ላይ የተሠራ እኩል ርዝመት ያለው ቪዲዮ ይታይ። «እያነበቡ ነው?» የሚለው መፈተሻ ከዕጣው በፊት ይግባ። ስሌቱም ሰው ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው ባያየውም በተመደበበት ቡድን ይሠራ።

የመጠይቁ የመጨረሻ ገጽ፣ ማረሚያው፣ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ተደጋግሞ የተሰማ ነገር እውነት እንደሚመስል ከ1977 ጀምሮ በሙከራ ይታወቃል፤ እኛም ለሺህ ሰው ሐሰት አሳይተናል። በ2021 ታትሞ በወጣ ሙከራ 2,683 ሰዎች የዜና ርዕሶችን ከማንበባቸው በፊት፣ እያነበቡ ወይም ካነበቡ በኋላ ማረሚያውን አዩ፤ ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ በደንብ የተያዘው በኋላ የመጣው ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ሐሰተኛ ፖስት ከነምክንያቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታረም። ለተሳታፊ የሞባይል ካርድ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ማረሚያው ከካርዱ ቁጥር በፊት ይምጣ፤ ካርዱን የያዘ ሰው ገጹን እስኪያነብ አይጠብቅም።