ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለው ሻጋታ

ሐምሌ ላይ ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጋችሁ ጀርባውን እዩት። ጥጉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ፣ ታች ያለው ጫማ ላይ አመድ የመሰለ ነገር፣ ኮቱ ላይ የታፈነ ሽታ ካለ ሻጋታ ገብቷል። ብዙ ሰው ወዲያው ቀለም ይቀባበታል። ብር ማባከን ነው፤ ውሃው እስካልቆመ ድረስ ቀለሙ አብጦ ይላጣል፣ ሻጋታውም ይመለሳል።

ስለዚህ መጀመሪያ የውሃውን መምጫ ለዩ። ከወለል ተነስቶ ጉልበት ወይም ወገብ ላይ የሚቆም እርጥበት ከመሬት የተሳበ ነው። ከኮርኒሱ የሚወርድ ቢጫ ካርታ የሚያሳብቀው የቆርቆሮ ምስማር ቀዳዳን፣ የተደፈነ አሸንዳን ወይም ፎቅ ላይ ያለን የሚያፈስ መታጠቢያ ቤት ነው። ሰው የሚዘነጋው ሦስተኛው የቤቱ የራሱ ላብ ነው። ወጥ ሲሠራ፣ ልብስ ቤት ውስጥ ሲሰጣ፣ ሰው ተኝቶ ሲተነፍስ የሚወጣው እንፋሎት ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲነካ ውሃ ይሆናል። የአዲስ አበባ የክረምት ሌሊት የውጩን ግድግዳ ያቀዘቅዘዋል፤ የተለጠፈበት ቁም ሳጥን ደግሞ የክፍሉን ሙቀትና አየር ይከለክለዋል። ጥጉ ቀድሞ የሚጠቁረው ለዚህ ነው።

መለየት ካቃታችሁ፣ ግድግዳውን በጨርቅ አድርቁና ክንድ በክንድ የሆነ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቁበት። ሁለት ቀን ተዉት። ጠብታው በክፍሉ በኩል ከታየ እንፋሎት ነው፤ ከላስቲኩ ጀርባ ከሆነ ውሃው ከግድግዳው ውስጥ ነው። ነጭ ዱቄት ካያችሁ ደግሞ ውሃ ጠብ አድርጉበት። ሟሙቶ ከጠፋ ጨው ነው (ጨውም ቢሆን የእርጥበት ምስክር ነው)።

የተበከለው ቦታ ከአንድ ካሬ ሜትር ካነሰ ራሳችሁ ታጸዱታላችሁ፤ አስም ያለበት ሰው ግን አይንካው። ማስክና ጓንት አድርጉ፣ መስኮቱን ክፈቱ፣ የክፍሉን በር ዝጉ። በደረቁ መጥረግ ዘሩን ቤቱ ሙሉ መበተን ነው፣ መጀመሪያ አርጥቡት። ለሴራሚክና ለመስታወት ሳሙናና ብሩሽ ይበቃል። በረኪና ከተጠቀማችሁ ሩብ ሊትሩን በ4 ሊትር ውሃ በጥብጡ። ከኮምጣጤ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉት፣ ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ከሌላ ማጽጃም ጋር እንዲሁ።

ስቱኮ ላይ በረኪና ያን ያህል አላምነውም። ላዩን ያነጣል፣ ውስጥ የገባው ግን ይቀራል። የረጠበውን ስቱኮ ነጠብጣቡ ካለቀበት አንድ ስንዝር አልፋችሁ ፋቁት። ያበጠ የቺፑድ ጀርባም አይድንም፣ ይጣል።

ከዚያ በኋላ ቁም ሳጥኑ ከግድግዳው 10 ሳንቲሜትር ይራቅ። ድስት ይከደን። ዝናቡ ጋብ ሲል ፊት ለፊት ያሉ ሁለት መስኮቶችን 15 ደቂቃ ክፈቱ። ክፍል ለማድረቅ ከሰል አቀጣጥሎ በር መዝጋት ግን ገዳይ ነው።

ከመሬት ለሚሳብ እርጥበት ዘይት ቀለም አትቀቡ፤ ውሃውን ውስጥ ያፍነዋል። በመጀመሪያ ውጭ ግድግዳው ሥር የተቆለለውን አፈር አንሱ፣ የዝናቡንም ውሃ ከቤቱ አርቁ። ቀለሙ ከመስቀል በኋላ ይድረስ፤ ያውም ላስቲኩን ዳግም ለጥፋችሁ በሁለት ቀን ውስጥ አንድም ጠብታ ካጣችሁ።