የእማዬ መነጽርና የኡሉዋቱ ጦጣ

እማዬ ዋጋ ስትከራከር አንድ ዘዴ አላት። ሻጩ ዋጋ ሲጠራ ትስቃለች፣ ከዚያ ጥላው ትሄዳለች። አሥር እርምጃ ሳትራመድ ይጠራታል። ኢንዶኔዢያ፣ ባሊ ደሴት ድረስ ሄደንም ይኸው ዘዴ ሠራላት። እኛ የአገሩ ገንዘብ የሩፒያው ዜሮ ብዛት አዙሮን (ትልቁ ኖት 100,000 ነው፣ ሚሊየነር ለመሆን አሥር ይበቃል) ቆመን ስንቆጥር፣ እሷ አራት ሽርጥ በግማሽ ዋጋ ገዝታ መጣች።

ሽርጡ የተፈለገው ለኡሉዋቱ ቤተ መቅደስ ነው። ገደል አፋፍ ላይ ያለ፣ ከሥሩ ሕንድ ውቅያኖስ የሚናጥበት ቦታ ነው። ቁምጣ የለበሰ ሽርጥ ሳያገለድም አይገባም። የእኔ በየደረጃው እየተፈታ አንድ እጄ ሽርጥ ያዥ ሆኖ ቀረ።

መነጽራችሁን ከጦጣ ጠብቁ የሚል ማስጠንቀቂያ አለ። እማዬ ያነበበችው በመነጽሯ ነው። አንብባ ሳትጨርስ ትከሻዋ ላይ አንድ ነገር ዱብ አለ።

ጦጣው አጥሩ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ጭራው ከቁመቱ ይረዝማል። መነጽሩን በሁለት እጁ ይዞ ገለባበጠው፣ የመነጽሩን አንድ እግር እንደ መፋቂያ አፉ ውስጥ ከተተ፣ ከዚያ እኛን ማየት ጀመረ። ልጄ ሙዝ ካልሰጠነው አይመልስም አለኝ። ሚስቴ ዘበኛ ፍለጋ ሮጠች።

እማዬ ግን ተረጋግታለች። «ጉጉታችንን አይቶ ነው የሚኮራው። ዞር በሉና ሂዱ፣ ራሱ ይጠራናል» አለች።

ሄድን። እውነቴን ነው፣ ሄድን! አሥር እርምጃ። ማንም አልጠራንም። ከኋላችን ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማን።

«ኧረ እግሩን ሰበረው!» እማዬ ሽርጧን ሰብስባ ተመለሰች።

ዘበኛው ፍራፍሬ ይዞ መጣ። ጦጣው አንዱን በላ፣ መነጽሩን አልለቀቀም። ሁለተኛውን በላ። በሦስተኛው ለቀቀው። ማታ ሆቴል ተኝቼ ሳነብ፣ ለካ በ2021 ጥናት ወጥቶባቸዋል። የኡሉዋቱ ጎልማሳ ጦጣዎች ሰው የሚሳሳለትን ዕቃ ከተራው ይለያሉ፣ ለውዱ ዕቃ ደግሞ የተሻለ ክፍያ ይጠብቃሉ። እማዬ የገጠመችው ባለሙያ ነጋዴ ነበር።

እኔ ባለ አንድ እግሩን መነጽር ተቀብዬ በሽርጤ ጫፍ ስጠርግ እግሬን ቀዘቀዘኝ። ሌላ ጦጣ ነጠላ ጫማዬን ይዞ አጥሩ ላይ ወጥቷል። ዘበኛው ወደ ፍራፍሬው እጁን ሰደደ።

ጦጣው ጫማዬን አገላብጦ አየው። አሸተተው። ከዚያ ወደ እኔ መልሶ ወረወረልኝና ሄደ።

«አየህ» አለች እማዬ፣ መነጽሯን በእጇ ደግፋ ጫማዬን እያየች፣ «ስትገዛው አሮጌ ነው ስልህ አልሰማህም።»