ለቻይንኛ ድርሰት ውድድር ለሚዘጋጁ የቱሉ ዲምቱ ተማሪዎች

የቻይንኛ ድርሰት በባለሳጥን ወረቀት ይጻፋል፤ የተለመደው ገጽ 20 በ20፣ ማለትም 400 ሳጥን ነው። አንቀጽ ሲጀመር ሁለት ሳጥን ይዘለላል። ሥርዓተ ነጥብም የራሱ ሳጥን አለው፤ ነጠላ ሰረዝ ግን መስመር አይጀምርም፣ ቦታ ካለቀ ከመጨረሻው ፊደል ጎን ይጠጋል። የዓረፍተ ነገር መዝጊያዋ ትንሽ ክብ ናት፤ በልማድ አራት ነጥብ የሚደረድር አይጠፋም።

ተማሪን በብዛት የሚጥለው መስፈሪያ ቃል፣ ማለትም በቁጥርና በስም መካከል የሚገባው ቃል ነው። «ሦስት መጽሐፍ» ለማለት «ሳን ሹ» ብሎ ያልፋል፤ ትክክሉ «ሳን በን ሹ» ነው። እኛ ከ«ሁለት ፍሬ ሎሚ» ላይ «ፍሬ»ን ብናነሳ ማንም አይቆጣም፤ እዚያ ግን ስህተት ነው።

ርዕሱ «ሰፈሬ» ከሆነ ታላቁን ግንብ ተዉት። ወደ ዱከም በሚወስደው መንገድ የፋብሪካ በር ላይ የተጻፈውን ቻይንኛ አንብባችሁ ከዚያ ጀምሩ። በስልክ ብቻ አትለማመዱ፤ ስልኩ ፊደሉን ይመርጥላችኋል፣ እስክሪብቶ አይመርጥም።